ኦሻራት በመድረክ ስትዳር

እኔ ሾፌር ነኝ። ከኤን ጋኒም ተነስቶ በመሃል ከተማ አልፎ ኤም ሃሞሻቮት ያሉት ረጃጅም ሕንጻዎች ድረስ የሚሄድ አውቶቡስ እነዳለሁ። ስለዚህ ትዕግሥት ከእኔ አትጠብቁ፤ የነበረችኝን በየመብራቱ ጨርሻታለሁ። በታናሽ እህቴ በኦሻራት ነገር ደግሞ ከመጀመሪያውም ትዕግሥት የሚባል አልፈጠረብኝም። አንድ ቀን ሁለት ሴቶች ከኋላዬ ተቀምጠው "ያቺ በየቴሌቪዥኑ የምትቅለሰለሰው የደሞዝ ልጅ" እያሉ ሲያሟት ሰማሁና፣ ደሞዝ አባታችን ነው፣ በሚቀጥለው ፌርማታ አወረድኳቸው። መንገዳቸው ገና ነበር።

እኔንና እሷን አሥራ ሁለት ዓመት ይለየናል። እኔ ትርንጎ፣ ጎንደር ደምቢያ ተወልጄ በእናቴ እጅ ተይዤ የመጣሁ ነኝ። እሷ ግን እዚሁ እስራኤል፣ ፔታሕ ቲክቫ ከተማ፣ ቤይሊንሶን ሆስፒታል የተወለደች የአገሩ ልጅ ናት። እንዲያም ሆኖ አማርኛዋ ከእኔ ይበልጣል። ሌሎቹ ልጆች ለወላጆቻቸው በዕብራይስጥ ሲመልሱ እሷ ትልልቅ ሰዎች ሲያወሩ አፍ አፋቸውን እያየች ቃሉን ከነዜማው ትለቅም ነበር።

ያደግነው ኤን ጋኒም ውስጥ ሊፍት በሌለው ሕንጻ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ደረጃውን የሚወጣ ሰው እስትንፋሱ ከታች ጀምሮ ይሰማል። ኦሻራት ጆሮዋን በሩ ላይ ታስጠጋና እንግዳው ገና ሁለተኛ ፎቅ ሳይደርስ መተንፈስ ትጀምራለች። ወገቧን ይዛ፣ በየሦስት ደረጃው "እህህ" ብላ ስታርፍ ጎረቤታችን እማማ ደባሽ እየመጡ መሆኑን እናውቃለን። እናታችን እንጉዳይ በነጠላዋ አፏን ሸፍና ትስቃለች። አባታችን ደሞዝም ይስቃል፤ ሲስቅ ቆይቶ ግን ፊቱን ይቋጥርና "በቃ፣ የሰው ፊት መስረቅ ነውር ነው" ይላታል። በሩ ይንኳኳል፤ እማማ ደባሽ ወገባቸውን ይዘው "እህህ" ብለው ይገባሉ፤ እኛ ወደ ጓዳ እንሮጣለን።

ኦሻራት አምስተኛ ክፍል ሳለች ፑሪም ለሚባለው የአይሁድ በዓል ትምህርት ቤቷ የንጉሥና የንግሥት ድራማ አዘጋጀ። ንግሥቷን ሌላ ልጅ ሆነች። ለኦሻራት የደረሳት የንጉሡን በር የሚጠብቅ ዘብ ነው፤ አንዲት ቃል አይናገርም። ቤት መጥታ ታለቅሳለች ብዬ ስጠብቅ አንድ ሳምንት ሙሉ ግድግዳ ተደግፋ መቆም ተለማመደች። በበዓሉ ቀን ንግሥቲቱ ስትናገር ዘቧ ትሰማለች፤ ንጉሡ ሲቆጣ ዘቧ ትደነግጣለች፤ ግን ዘብ ናትና መደንገጧን ትደብቃለች። አዳራሹ ሁሉ ንግሥቲቱን ትቶ በሩን ያይ ጀመር። ያን ቀን ነው እኔ ያወቅሁት። ጎኔ ለተቀመጠች ሴት ሁሉ "እህቴ ናት" ስል አመሸሁ፤ ማንም አልጠየቀኝም።

ከዚያ በኋላ መንገዷ ረጅም ነው። ሁለተኛ ደረጃን በቴያትር ክፍል ተማረች፣ ግዴታ የሆነውን ውትድርና ጨረሰች፣ ቴል አቪቭ ሦስት ዓመት ትወና አጠናች። ጠዋት ጎረቤት ከተማ ጋኔይ ቲክቫ ባለ ካፌ ውስጥ ሳህን ታነሳለች፣ ከሰዓት ለተዋናይ መምረጫ ፈተና ትቆማለች። ምን ሥራ ይሰጧታል? ጽዳት ሠራተኛ። ቀጥሎስ? ሌላ ጽዳት ሠራተኛ። የእስራኤል ቴሌቪዥን ወለል ሁሉ በእህቴ እጅ ተጠርጓል ብል ማጋነን አይሆንም። እሷ ግን አንዷን ጽዳት ሠራተኛ ከሌላይቱ ጋር አታመሳስላትም፤ አንዷ ስትጠርግ ታንጎራጉራለች፣ ሌላዋ መጥረጊያውን ትጣላዋለች። ተመልካች ባያውቅላት እኔ አውቅላታለሁ።

ችግሩ የመጣው ሌባ የሆነች ዕለት ነው። ብዙ ሰው በሚያየው ተከታታይ ድራማ ላይ ከሱቅ ወርቅ ሰርቃ እጇ በካቴና ታስሮ ስትወሰድ ታየች። በማግስቱ አባዬ ሰጉላ ወደሚሠራበት የፕላስቲክ ፋብሪካ ሲገባ አንድ የሥራ ባልደረባው፣ ደግ ሰው ነው፣ ትከሻውን ይዞ "አይዞህ ደሞዝ፣ ጠበቃ አቁምላት፣ ትፈታለች" አለው። ሰውየው ከልቡ ነው። አባዬ ወደ ማሽኑ ሄደ። ቤት ሲመጣ እራቱን አልበላም። እርሱ ባደገበት አገር በሰው ፊት ቆሞ የሚያስቅና የሚያስለቅስ ሰው አዝማሪ ነው፤ አዝማሪ ደግሞ ይሰማል እንጂ ልጅ አይዳርለትም።

ከዚያን ቀን ወዲህ "ልጅህ ምን ትሠራለች?" ሲሉት "ምስራድ" ይላል። ቢሮ ማለቱ ነው። የምን ቢሮ እንደሆነ የሚጠይቀው ካለ ያስለዋል። እማዬና እኔ አንድ ትርኢት አምልጦን አያውቅም፤ አባዬ ግን አንድም ቀን አልመጣም። ወገቤን አሞኛል፣ ፈረቃ አለብኝ፣ ሰንበት ሊገባ ነው። ሰንበት ሊገባ ነው ያለን ሰኞ ዕለት ነበር።

ኦሻራት ስለዚህ ነገር አንድ ጊዜ ብቻ ነው የተናገረችው። ከተርሚናል ወደ ቤት ስወስዳት ከጀርባዬ ቆማ፣ "ትርንጎ፣ አገር ሁሉ አየኝ፤ አባዬ ብቻ አላየኝም" አለችኝ። ያን ቀን አባታችንን ባገኘው ኖሮ ምን እንደምለው እኔ አውቃለሁ። ደግነቱ ፈረቃ ላይ ነበር።

ከዚያ ትልቁ ቀን መጣ። ሺር የምትባል ወጣት አዘጋጅ ኦሻራትን ለአዲሱ ቴያትሯ ዋና ገጸ ባሕርይ መረጠቻት። ታሪኩ በጎንደር ገጠር ድንቅነሽ ስለምትባል ሙሽራ ነው። የሠርጓ ዕለት መንደሩ በሙሉ ወደ ኢየሩሳሌም ሊነሳ ይቆርጣል፤ ሙሽራዋ ከዳሱ ወጥታ ከነጥልፍ ቀሚሷ መንገድ ትጀምራለች። ንግግሩ ዕብራይስጥ ሆኖ ሠርጉና ምርቃቱ በአማርኛ ነው። የወገራውን ሙሽራ የሚጫወተው ይኖን የሚባል፣ እናቱ የእኛው ሰው የሆነች የኤም ሃሞሻቮት ልጅ ነው፤ ቁመናው ያማረ፣ አማርኛው ግን "እሺ" እና "ብላ" ብቻ። የመጀመሪያው ትርኢት ደግሞ እዚሁ በከተማችን የባህል አዳራሽ እንዲሆን ተወሰነ። የኦሻራት ፊት በትልቁ የታተመበት ማስታወቂያ በአውቶቡሴ ጎን ላይ ተለጠፈ። እህቴን ተሸክሜ ከተማውን ስዞር ሰነበትኩ፤ መብራት ሲይዘኝ እንኳ አልተቆጣሁም።

ታዲያ ሺር ልምምድ ላይ የተነሳ አንድ ፎቶግራፍ በኢንተርኔት ለቀቀች። ኦሻራት ነጭ ለብሳ አንገቷን ደፍታለች፤ ይኖን አጠገቧ ቆሟል፤ ቄስ የሆነው ተዋናይ በይኖን ግንባር ላይ ቀሸራ ያስራል። ቀሸራ በእኛ በቤተ እስራኤል ሠርግ ቄሱ በሙሽራው ግንባር ላይ የሚያስረው ቀይና ነጭ ክር ነው። እርሱ ከታሰረ ነገሩ አለቀ፤ ተጋብተዋል። አንድ ሰው ቴያትር መሆኑን የሚናገረውን የሥሩን ጽሑፍ ትቶ ፎቶግራፉን ብቻ ቆርጦ በዋትሳፕ ላከው። እስከ ምሳ ሰዓት ናታኒያ ከተማ ደረሰ፤ ከምሳ በኋላ ቤር ሼባ።

መጀመሪያ የደወሉት እማማ ደባሽ ናቸው። ለእማዬ ሰላምታም አልሰጧት። "እንጉዳይ፣ ሞቻለሁ መሰለሽ? ያሳደግኋት ልጅ ስትዳር እኔ በስልክ ልየው?" አሏት። እማዬ ቴያትር ነው፣ ጨዋታ ነው ብትላቸው "ክሩን አይቻለሁ" ብለው ስልኩን ዘጉት። የአባዬ የአክስት ልጅ ከናታኒያ አለቀሰች። አንድ የቤር ሼባ ዘመዳችን "ባትጠሩኝም እኔ አልቀርም" ብሎ የጭማቂ መጭመቂያ ማሽን በታክሲ ላከ። ማሽኑን እስካሁን እንጠቀምበታለን፤ ጥሩ ነው።

ይህ ሁሉ ያስቃል። የማያስቀው በማግስቱ መጣ። ሰው ሠርጉን ተቀይሞ ሲጨርስ ወደ ዘሩ ዞረ። እኛ ዘንድ እስከ ሰባት ቤት ድረስ የተዛመደ አይጋባም፤ እህትና ወንድም ናቸው። ልጆች ሊተጫጩ ሲሉ መጀመሪያ የሚጠየቁት ኤን ጋኒም የሚኖሩት ሽማግሌ አባ ዳኛው ናቸው። የደምቢያንና የወገራን ቤተሰብ ከነአያት ቅድመ አያቱ በቃላቸው ይዘውታል። እኛንም ልጆች ሳለን አባዬ ሰንበት ከሰዓት እያስቀመጠ ያስቆጥረን ነበር፤ "ደሞዝ፣ የደሞዝ አባት፣ የአባቱ አባት" እያልን እስከ ሰባት፤ የዘለለ ከመጀመሪያው ይጀምራል። አባ ዳኛው እንግዲህ ፎቶግራፉን አስቀርበው አዩ፣ የይኖንን የእናቱን ወገን ጠየቁ፣ ቆጠሩ። ኦሻራትና ይኖን በአምስተኛው ቤት ይርጋ በሚባሉ ሰው ላይ ይገጥማሉ። አባዬ ከነልጁ ሰንበት ከሰዓት እንዲመጣ መልእክት ተላከበት።

አባ ዳኛው ቤት ግቢ ውስጥ በተደረደሩ የፕላስቲክ ወንበሮች ላይ አራታችንም ተቀመጥን። ሁለት ሌሎች ሽማግሌዎችም ነበሩ። አባዬ ኮቱን ለብሶ፣ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ዓይኑን ከጫማው አልነቀለም። ሠርጉ የእውነት እንዳልሆነ ለማስረዳት ጊዜ አልፈጀብንም፤ አባ ዳኛው ሞኝ አይደሉም። የጠየቁት ሌላ ነው። ወደ አባዬ ዞረው፣ ድምፃቸውን ሳያነሱ፣ "ደሞዝ፣ ይህቺ ልጅህ ሥራዋ ምንድን ነው?" አሉት።

ምስራድ እንዳይል ልጅቱ አጠገቡ ተቀምጣለች። እኔ አባዬን አየሁት፤ ኦሻራትም አየችው። አባዬ ባርኔጣውን አንዴ አዞረና "እሷን ጠይቋት" አለ።

እኔ አፌን ልከፍት ስል እማዬ ጭኔን ቆነጠጠችኝ። ምልክቱ ለሳምንት አልጠፋም። ኦሻራት ግን ተነስታ፣ እጆቿን አጣምራ ቆመች። "ሳሐቃኒት ነኝ አባ፤ ተዋናይ። ሳላገባ እንዳገባ፣ ሳይሞትብኝ እንደሞተበት ሆኜ ለሰው አሳያለሁ። ሥራዬ ይህ ነው" አለች።

አባ ዳኛው አልተቆጡም። ክሩስ፣ እርሱም የውሸት ነው ወይ አሏት። ክሩ የእውነት ክር ነው አለቻቸው። እንግዲያው አሉ፣ ምርቃቱም የእውነት ቃል ነው፤ ዘመዳሞች በሕዝብ ፊት ቀሸራ ሲታሰርላቸው ያየ ልጅ ነገ ሊያገባ ሲል "እነ ኦሻራትስ?" ይለናል፤ አባቶቻችን በረሃብም በስደትም ያልጣሉትን እኛ ጠግበን ልንጥለው ነው? ወይ ልጁ ይቀየር፣ ወይ አንቺ ተዪው። እውነቱን ልናገር፣ ያሉት ነገር ወሬ አልነበረም። ለዚህ ነው የተናደድኩት።

ልጁን መቀየር አይቻልም፤ ትርኢቱ ደርሷል። ሺርን ስለ ሰባት ቤት ሦስት ጊዜ ብናስረዳት ሦስት ጊዜ "ግን እነሱ እኮ አይተዋወቁም ነበር" ብላናለች። ሠርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ እንዲሉ፣ አዲስ ሙሽራ ከየት ይምጣ? ኦሻራት ይህን ሁሉ አልዘረዘረችም። እንዲህ ብቻ አለች፤ "አባ፣ ሳያዩት አይፍረዱት። ዓርብ ረፋድ ላይ ነው፣ ሰንበት ሳይገባ ያልቃል። መጥተው ይዩት። ከዚያ በኋላ አባቴ 'ተዪው' ካለኝ እተወዋለሁ።"

አሥራ ሁለት ዓመት የለፋችበትን ነገር አንስታ ቴያትር ገብቶ በማያውቅ ሰው አፍ ውስጥ አስቀመጠችው። ወደ ቤት ስንሄድ አበድሽ ወይ አልኳት። አላበድኩም አለችኝ፤ ወይ ያየኛል፣ ወይ ይቅርብኝ።

አባ ዳኛው እሺ ብለዋል። እንግዲህ ልጄን እዩልኝ ብሎ ሽማግሌ የጠራ ሰው ቤቱ ተኝቶ አይቀርም፤ ነውር ነው። የአባዬ ወገብ ከዚህ ነውር ጋር ሊታገል አልቻለም። ዓርብ ጠዋት ከአንድ የሥራ ጓደኛዬ ሚኒባስ ተውሼ ሽማግሌዎቹን ከየበራቸው ሰበሰብኩ። እማማ ደባሽም ሳይጠሩ ገቡ፤ "ለዚያኛው ባልጠራ ከዚህኛው አልቀርም" አሉ። አባዬ ጋቢና አጠገቤ ተቀመጠ። አንድ መብራት ላይ ቆመን ሳለን ሌላ አውቶቡስ አጠገባችን ቆመ፤ ጎኑ ላይ ኦሻራት አለች። አባዬ መብራቱ እስኪለቅ አያት። ከዚያ መስኮቱን ዘጋው።

አዳራሹ ሞልቷል። ግማሹ የእኛ ሰው ነው፣ ግማሹ ፈረንጅ። ሽማግሌዎቹን ሦስተኛው ረድፍ ላይ አስቀመጥን፤ አባዬ በአባ ዳኛውና በእማዬ መካከል ነው፤ እኔ ከእማዬ ቀጥሎ። መብራቱ ጠፋ።

እህቴ ወጣች። እዚህ ላይ ምን ልበላችሁ። ኦሻራት ቤታችን ውስጥ እግሯን ወንበር ላይ ሰቅላ ፓስታ የምትበላ ልጅ ናት። ያቺ የወጣችው ሌላ ሰው ናት። አረማመዷ እማዬ በወጣትነቷ የምትሄደው ነው አሉ፤ እማዬ ራሷ "እንዴት አወቀችው?" አለች። መንደሩ ሊነሳ ነው ሲሏት፣ ሠርጓ መሆኑን ለመናገር አፍራ፣ ዳሱን በዓይኗ ብቻ ስታሳያቸው አባ ዳኛው አፍንጫቸውን በመሃረብ ጠረጉ። አባዬን ላየው ፈርቼ ነበር፤ አየሁት። አፉን ገርበብ አድርጎ ወደ ፊት ተስቧል። ኩራት ሲይዘኝ ያመኛል፤ እዚህ ጡቴ ስር ነው የሚያመኝ፤ ያን ቀን አመመኝ።

ከዚያ ሠርጉ ደረሰ። ቄሱ ምርቃቱን ጀመረ፣ ክሩን አነሳ፣ ወደ ይኖን ግንባር አቀረበው። አባ ዳኛው ቀድመው ተስማምተዋል፤ ቁጭ ብለው ሊያዩ ነበር የመጡት። ነገር ግን እኚህ ሰው ዕድሜያቸውን ሙሉ በሠርግ ላይ እንዲህ ያለ ነገር አይተው ዝም ብለው አያውቁም። ዱላቸውን ተመርኩዘው ተነሱና "ቁም፤ ክሩን አትሰር። ዘመዳሞች ናቸው" አሉ።

ቄስ የሆነው ተዋናይ ክሩን በአየር ላይ እንደያዘ ቀረ። ይኖን ምን እንደተባለ አልገባውም፤ ግንባሩን ሰጥቶ ቆሟል። ከመጋረጃው ጎን የሺር ፊት ብቅ ብሎ ሲነጣ አየሁ። አጠገቤ የተቀመጠች ፈረንጅ ሴት ሽማግሌው ከተዋናዮቹ አንዱ መሆናቸውን በሹክሹክታ ጠየቀችኝ፤ ዋናው ናቸው አልኳት። አባዬ የአባ ዳኛውን ኮት ጫፍ ይዞ ሊያስቀምጣቸው ሞከረ፤ አልተቀመጡም። እኔ አለቀ አልኩ። እዚሁ፣ በአገሯ፣ በመጀመሪያዋ ቀን።

ኦሻራት አንገቷን ቀና አደረገች። አልሮጠችም፣ አልሳቀችም፣ ወደ ሺርም አላየችም። ከዳሱ ስር ወጥታ ወደ መድረኩ ጫፍ መጣች፤ ሙሽራ በሽማግሌ ፊት እንደምታደርገው ከወገቧ ጎንበስ አለች። በኦሻራት ድምፅ ሳይሆን በድንቅነሽ ድምፅ፣ "አባ፣ መጠየቅዎ ደግ ነው። ዘሬን ልቁጠርልዎትና እርስዎ ይፍረዱ" አለች።

ከዚያ ቆጠረች። ይህ በጽሑፉ ላይ የለም፤ ማንም አልጻፈውም፤ እዚያው ቆማ ነው የፈጠረችው። የአባዬ ከንፈር በልማድ መንቀሳቀስ ጀመረ፤ ገና አፏን ስትከፍት "ደሞዝ" ሊል ነው። እሷ ግን፣ "እኔ ድንቅነሽ፣ የጀንበሬ ልጅ ነኝ" አለች። የአባዬ ከንፈር ቆመ። "ጀንበሬ የአድጎ ልጅ ነው፤ አድጎ የተዘራ፤ ተዘራ የመርሻ" አለች፤ እያንዳንዱን ስም ስትጠራ አንድ እርምጃ ትራመዳለች፣ የሰውየውን መቃብር እንደምታውቀው ሁሉ ወደ መሬት ታያለች። "መርሻ የፈንታሁን፤ ፈንታሁን የላቀው፤ ላቀው የዋሴ። ሁላቸውም ቋራ ተወልደው ቋራ የተቀበሩ ናቸው። ከዚህ ከወገራ ሰው ጋር የምንገናኝበት ቤት ካለ ይንገሩኝና ቀሚሴን አውልቄ ልመለስ።"

አባ ዳኛው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ጣቶቻቸው ዱላው ላይ አንድ በአንድ ተነሱ፣ አንድ በአንድ ተመለሱ። ስምንት መቶ ሰው፣ ግማሹ ቋንቋውን እንኳ ሳያውቅ፣ በሰባት ስም ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ይኖን ራሱ ጭንቀት ያዘው፤ ሙሽራዋን ሊነፍጉት እንደሆነ የገባው ያኔ ነው መሰለኝ።

"የቋራን ዘር አላውቀውም" አሉ በመጨረሻ። "ከማላውቀው ጋር ዘመድ ናችሁ ልላችሁ አልችልም። ዘመዳሞች ያልኳቸው የደሞዝ ልጅና ያ ልጅ ናቸው፤ እነሱ ደግሞ እዚህ የሉም። ክሩን እሰርላቸው።" ተቀመጡ።

ቄሱ ክሩን አሰረ። ሽማግሌዎቹ ከመቀመጫቸው ሆነው "አሜን" አሉ፤ እማማ ደባሽ እልል አሉ፤ እልልታው ከሦስተኛው ረድፍ ተነስቶ ወደ ኋላ ሄደ፣ ፈረንጆቹም በአፋቸው የቻሉትን ሞከሩ። ከዚያ በኋላ ያለውን ጉዞ፣ በረሃውን፣ የመጨረሻውን ትዕይንት ሰው እንደ ዘመድ ሆኖ ነው ያየው። ድንቅነሽ ቀሚሷን ሰብስባ ስትወጣ እኔ ራሴ የት ልትደርስ ነው ብዬ ተጨነቅሁላት።

መብራቱ በራ። ተዋናዮቹ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሰገዱ፤ በመጨረሻ ኦሻራት ብቻዋን ወጣች። አዳራሹ ቆሞ ያጨበጭባል። እሷ ግን የምታየው ሦስተኛውን ረድፍ ነው። ፊቷ ላይ ድንቅነሽ የለችም፤ አፏን ነክሳ የምትጠብቅ እህቴ ናት። ቃሉ የአባዬ ነው፤ ራሷ ሰጥታዋለች። አባ ዳኛውም ይህን አልረሱም። ጭብጨባው ቀስ ሲል ወደ አባዬ ዞረው "እህ ደሞዝ፣ ምን ትላለህ?" አሉት።

አባዬ ተቀምጦ ነበር። የፊተኛውን ወንበር ይዞ ተነሳ። ባርኔጣውን አወለቀ። የእኛ ሰዎች ጭብጨባቸውን አቆሙ፤ ፈረንጆቹም ሽማግሌ ሲነሳ አንድ ነገር እንደሚመጣ ለምደዋልና ዝም አሉ። አባዬ በሰው ፊት ተናግሮ አያውቅም። 

"ውሸቷን ነው" አለ፣ እስከ ኋላው ረድፍ እንዲሰማ። "ጀንበሬ የሚባል ሰው አላውቅም። ልጅቱ የኔ ናት፤ የደሞዝ። እንዲህ ብላ ስትዋሽ ደግሞ ማንም አይችላትም፤ ሥራዋ ነው። ሳሐቃኒት ናት።"